ቤሪንግ ምንድን ነው?

በቀደም አንድ የታክሲ ሹፌር ደውሎ «የት ጋ ነህ?» አለኝ። «ከፋርማሲው በስተቀኝ» አልኩት። እሱ ግን ከወዲያ በኩል እየመጣ ነበር። የኔ ቀኝ ለሱ ግራ ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ስንደናቆር ቆየን። ሁለታችንም አልተሳሳትንም። ቀኝ የምንለው ከየት ተነስተን እንደሆነ ብቻ አልተስማማንም።

ቤሪንግ ይህን ጭቅጭቅ የሚገላግል ነገር ነው። (ጋራዥ ቤት «ኩሽኔታ» የምንለው ብረትም በእንግሊዝኛ ቤሪንግ ይባላል፤ ሞክሼ ናቸው እንጂ አይገናኙም።) ከቆማችሁበት ቦታ ወደ ሰሜን አንድ መስመር አስምሩ። ሌላ መስመር ደግሞ ወደምታዩት ነገር። ከሰሜኑ መስመር ተነስታችሁ፣ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ እስከ ሁለተኛው መስመር ያለውን ማዕዘን ለኩ። ቤሪንግ ማለት እሱ ነው። ሰሜን 000፣ ምሥራቅ 090፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270 ይሆናል። ሁልጊዜ በሦስት አሃዝ ነው የሚጻፈው። በሬዲዮም «ዜሮ ሰባት ዜሮ» እየተባለ አንድ በአንድ ይነበባል፣ በጫጫታ መሃል 7 እና 70 እንዳይምታቱ።

አዲስ አበባ ውስጥ እኛም የራሳችን ዘዴ አለን፤ «ወደ ላይ» እና «ወደ ታች»። ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ስለምታዘቀዝቅ «ላይ» በግምት ሰሜን ነው። ቀላል ብልሃት አይደለም። ጉዱ የሚፈላው ሜዳ ላይ ያለ ከተማ ሄደን «ወደ ላይ ሂድ» ስንል ነው።

ለሹፌሩ ያልኩት ቀኝም ቢሆን በባህረኞች ቋንቋ ስም አለው፤ አንጻራዊ ቤሪንግ። መነሻው ሰሜን ሳይሆን የመርከቧ ወይም የአውሮፕላኑ አፍንጫ ነው። መርከቧ በ070 እየሄደች መብራት በቀኟ በኩል በ090 ከታየ፣ ሁለቱን ደምሩ። መብራቱ ከሰሜን ሲቆጠር በ160 ላይ ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሰሜንም አንድ አለመሆኑ ነው። እውነተኛው ሰሜን ምድር የምትሽከረከርበት ዛቢያ ጫፍ ነው። ኮምፓስ የሚያሳየው ግን መግነጢሳዊውን ሰሜን ነው። ጄምስ ክላርክ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1831 መግነጢሳዊውን ዋልታ ሲያገኘው በሰሜን ካናዳ ነበር፤ ዛሬ ወደ ሳይቤሪያ እየተጓዘ ነው። በሁለቱ ሰሜኖች መካከል ያለው ልዩነት ዲክሊኔሽን ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ወደ ምሥራቅ ነው። ኬፕታውን ላይ ግን ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። አንድ ዲግሪ እንኳ አትናቁ፤ 60 ኪሎሜትር ስትጓዙ ከመንገዳችሁ ወደ 1 ኪሎሜትር ያስወጣችኋል።

የቦሌ ኤርፖርት ማኮብኮቢያዎች በአንዱ ጫፍ 07፣ በሌላው 25 ተብለው የተጻፉት ለዚሁ ነው። 07 ማለት በኮምፓስ 070 ገደማ ነው፣ የመጨረሻዋ ዜሮ ተቆርጣ። 25 ደግሞ 250። ልዩነታቸው 180 ነው፣ ከተቃራኒው ጫፍ ስለሚታዩ። ዋልታው ሲንቀሳቀስ ቁጥሩም ይቀየራል። ፍሎሪዳ ያለው የታምፓ ኤርፖርት እ.ኤ.አ. በ2011 የአንዱን ማኮብኮቢያ ቁጥር ከ18 ወደ 19 የለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ለኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ግን ቤሪንግን ገልብጦ ራስን መፈለግ ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ ሜዳ ላይ ቆማችሁ የት እንዳላችሁ ጠፋችሁ እንበል። ዝቋላ በ210፣ የረር ደግሞ በ350 ይታያችኋል። 180 ስትቀንሱ 030 እና 170 ታገኛላችሁ። ካርታው ላይ ከዝቋላ በ030፣ ከየረር በ170 መስመር አስምሩ። የሚገናኙበት ነጥብ ላይ የቆማችሁት እናንተ ናችሁ። ሦስተኛ ተራራ ካለ ደግሞ ሦስተኛ መስመር ጨምሩ። ሦስቱ አንድ ነጥብ ላይ ከመግጠም ይልቅ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ሦስት ማዕዘኑ ከሰፋ የሆነ ቦታ በደንብ አልለካችሁም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኮምፓሱ አይደለም፤ መኪናው አጠገብ ቆመው ሲለኩ ብረቱ ቀስቱን ይስበዋል። ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብላችሁ ድገሙት።