በጣት የሚለካው ኦክስጅን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባትን እናቴን ደብረ ማርቆስ ላይ ሳስታምም፣ በጣት ላይ ተሰክቶ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ ስለሚያሳየው መለኪያ ከጠያቂ ዘመድ የሰማኋቸው፣ አንዳንዶቹንም እኔው ራሴ አምኛቸው የነበሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ።

«ከ95 በታች ከሆነ አደጋ ነው።» ይህ ቁጥር ይበልጡን የሚሠራው በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ጤነኛ ሰው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በደጋም በቆላም 21 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን፣ ከዚያም ወደ ጮቄ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። በደጋ የሚኖር ጤነኛ ሰው እንኳ ከ95 በታች ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው ደኅና በሆነበት ጊዜ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ለይቶ መያዝ፣ ከስንት ሲወርድ ወደ ሕክምና መሄድ እንዳለበትም ሐኪሙን መጠየቅ ይበጃል።

«መሣሪያው አይሳሳትም።» አንድ ብርዳማ ማለዳ የእናቴ ጣት 84 አሳየ፤ ደንግጬ መኪና ልፈልግ ስል እጇ በረዶ መሆኑን አስተዋልሁ። በጋቢዋ ጠቅልዬ፣ አሙቄ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ ስለካት 91 ሆነ። ጠቆር ያለ የጥፍር ቀለምም መሣሪያው በጣት ውስጥ አሳልፎ የሚለካበትን ብርሃን ሊጋርድ ስለሚችል፣ እንሶስላ የሞቀች ሴት ቀለም ባልነካው ጣቷ ብትለካ ይሻላል። በጠቆረ ቆዳ ላይ መሣሪያው ከእውነተኛው መጠን ከፍ አድርጎ ሊያነብ መቻሉ፣ የከሰል ጭስ የመረዘውንም ሰው ደኅና አስመስሎ ማሳየቱ ሊታወቅ ይገባል።

«ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ ትንፋሽ አጠረኝ ማለት ማካበድ ነው።» ይህ አባባል ሕመምተኛውን በእጅጉ ይጎዳል። አየር በሳንባ ውስጥ ታምቆ ሲቀር መተንፈሱ ራሱ ከባድ ሥራ ይሆናልና፣ ኦክስጅኑ ሳይወርድም ትንፋሽ ያጥራል።

«ኦክስጅን በበዛ ቁጥር ይሻላል።» ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ ከመጠን ያለፈ ኦክስጅን የተቃጠለ አየር በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል፤ ስለዚህም ለእነርሱ ብዙውን ጊዜ የሚታለመው መጠን ከ88 እስከ 92 ነው። ኦክስጅን የሚወስድ ሰው እንቅልፍ ከተጫነው፣ ራሱን ካመመው ወይም ንግግሩ ከተምታታ፣ መለኪያው 98 ቢያሳይም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ሊወሰድ ይገባል።