ስህተቱ የሰውየው ነው ወይስ የበተኑ? ስለ ዩዛቢሊቲና የእይታ ዲዛይን

ዩዛቢሊቲ፣ ማለትም የአንድ ነገር ለአጠቃቀም መመቸት፣ ሲጠቃለል ሦስት ጥያቄ ነው። ሰውየው ሊሠራ የመጣውን ነገር ጨረሰ? ምን ያህል ጊዜና ድካም ፈጀበት? ሲወጣስ ደስ ብሎት ነው ወይስ ተበሳጭቶ? ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ አይኤስኦ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው 9241-11 በተባለው ሰነድ ላይ ያሰፈረውም ይኸንኑ ነው፤ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍናና እርካታ። ሰነዱ ላይ የምወደው ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስቱም የሚለኩት ለተወሰነ ተጠቃሚ፣ ለተወሰነ ዓላማ፣ በተወሰነ ሁኔታ ውስጥ ነው ይላል። ስለዚህ «ይህ አፕ ቀላል ነው» ማለት ብቻውን ብዙም አያስኬድም። ለማን? ምን ለመሥራት? ቁጭ ብሎ ነው ወይስ እየሄደ?

የእይታ ዲዛይን ደግሞ ዓይን የሚያገኘው ክፍል ነው። ቀለሙ፣ ፎንቱ፣ በነገሮች መካከል የተተወው ክፍት ቦታ፣ የአይከኑ (የትንሿ ምልክት ሥዕል) ቅርጽ፣ የትኛው ጎልቶ የትኛው ደብዝዞ እንደሚታይ። ብዙ ሰው አንዱ የመሐንዲስ፣ ሌላው የሠዓሊ ሥራ ይመስለዋል። በተግባር ግን አይለያዩም። በተን (የሚጫኑት ቁልፍ) መሆኑ የማያስታውቅ በተን ማንም አይጫነውም። ካልተጫኑት ደግሞ ከጀርባው ያለው ኮድ ኖረ አልኖረ አንድ ነው።

ከኮምፒውተር በፊት

ታሪኩ የሚጀምረው ከስክሪን ሳይሆን ከአውሮፕላን ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የሚባሉት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በሰላም ካረፉ በኋላ በሆዳቸው የሚተኙበት ጊዜ ነበር። አብራሪው የክንፉን ፍላፕ፣ ለማረፍ የሚዘረጋውን ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ሊመልስ ብሎ ጎማውን ያጥፈዋል። ሪፖርቱ ላይ «የአብራሪ ስህተት» ይጻፋል፣ ፋይሉ ይዘጋል። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን ሲያጠና ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ በመልክም የሚመሳሰሉ ሆነው አገኛቸው። መፍትሔው ርካሽ ነበር። በጎማው መቆጣጠሪያ ጫፍ ላይ ክብ ጎማ መሰል፣ በፍላፑ ላይ ሽብልቅ መሰል ነገር ተገጠመ። ከዚያ በኋላ እጅ ዓይንን ሳይጠብቅ ይለያቸዋል። ይህ አሠራር ዛሬም አውሮፕላን ላይ አለ።

በ1947 ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች 460 እንዲህ ዓይነት የአብራሪ ገጠመኞችን ሰብስበው ተነተኑ። በብዛት ያገኙት አንዱን መቆጣጠሪያ ከሌላው ማሳሳትን ነው። እኔ የሙያው ልደት እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። «ሰውየው ለምን ተሳሳተ?» የሚለው ቀርቶ «ዕቃው ለምን አሳሳተው?» ተብሎ የተጠየቀው ያኔ ነው።

ፊትስ በ1954 ደግሞ ዛሬም ዲዛይነሮች የሚጠሩትን ሕግ አወጣ። አንድ ነገር ላይ እጅን ለማድረስ የሚወስደው ጊዜ በርቀቱና በስፋቱ ይወሰናል፤ የራቀና ትንሽ የሆነ ነገር ያዘገያል። ቀላል ይመስላል። ግን የማኪንቶሽ ሜኑ ስክሪኑ አናት ላይ መለጠፉ ለምን እንደሚያዋጣ የሚያስረዳው ይህ ነው፤ ማውሱ ጠርዙን አልፎ መሄድ ስለማይችል ዒላማው በተግባር ሰፊ ነው። አፕል በስልክ ላይ የሚነካ ነገር ቢያንስ 44 ነጥብ ስፋት ይኑረው፣ ጉግል ደግሞ 48 ይሁን የሚሉትም ከዚሁ የተነሣ ነው። አውራ ጣት የመርፌ ጫፍ አይደለም።

የስልክ ቁልፎች አደራደርም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ጆን ካርሊን የነበረበት የቤል ላብስ (የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም) ክፍል በ1950ዎቹ የተለያዩ አደራደሮችን ሰዎች ላይ ሞከረ። 1-2-3 ከላይ የሆነበት ተመረጠና በ1963 ገበያ ላይ ዋለ። ካልኩሌተር ግን 7-8-9ን ከላይ እንዳደረገ ቀረ። ዛሬ ሁለቱም አንድ ስልክ ውስጥ ተገለባብጠው ይኖራሉ፣ ማንም የሚገርመው የለም። ልማድ አንዴ ሥር ከሰደደ ምርምር አይነቅለውም።

ስክሪኑ ሲመጣ

በ1968 ዳግላስ ኤንግልባርት ማውስን ለሕዝብ አሳየ። ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የካሊፎርኒያ የምርምር ማዕከል በ1973 አልቶ የተባለው ኮምፒውተር ተሠራ፤ በ1981 ዜሮክስ ስታር ለሽያጭ ቀረበ። ፋይል፣ ፎልደር፣ ዴስክቶፕ የምንለው ነገር ሁሉ መልክ የያዘው እዚያ ነው። አሁን በየስልኩ የምናያቸው ሦስት አግድም መስመሮች፣ «ሀምበርገር» የሚባሉት፣ ኖርም ኮክስ ለስታር የሣላቸው ናቸው። ስታር ውድ ነበርና ገበያ አላገኘም። ሐሳቡን ብዙ ሰው ቤት ያስገባው በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ነው። የማኪንቶሽን አይከኖች የሠራችው ሱዛን ኬር ናት፤ 32 በ32 ነጥብ በሆነች ሜዳ ላይ የሰው ፊት ያላት ኮምፒውተር ፈገግ እንድትል አደረገች።

ከእነዚህ ሥዕሎች አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ያስቃል። ፍሎፒ ዲስክን፣ ድሮ ፋይል የሚቀመጥበትን ዕቃ፣ በዓይኑ ዓይቶ የማያውቅ ልጅ «ሴቭ» ለማድረግ የፍሎፒ ሥዕል ይጫናል። አይከን እንዲሠራ ዕቃውን መምሰሉ የግድ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ያንኑ መልመዱ ይበቃል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የሥነ ልቦና ባለሙያው ዶናልድ ኖርማን ሙያውን ለተራ አንባቢ አስረዳ። ሲገፋ እንጂ ሲሳብ የማይከፈት፣ ግን የመሳቢያ እጀታ የተገጠመለት በር ምሳሌው ነበር። እጀታው «ሳበኝ» ይላል፣ ሰው ይስባል፣ አይከፈትም፣ ያፍራል። ኖርማን የሚያፍረው በሩን የሠራው ይሁን ባይ ነው። ቆይቶ አፕል ሲገባ በሥራ መጠሪያው ውስጥ «ዩዘር ኤክስፒሪየንስ» የሚለውን አስገባ፤ ዛሬ ዩኤክስ እያልን የምንጠራው ማለት ነው።

ዓይን እንዴት ያነባል?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጀርመን የጌሽታልት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ከእነሱም ማክስ ቨርትሃይመር፣ ዓይን ነገሮችን አንድ በአንድ ሳይሆን በቡድን እንደሚያይ አሳዩ። የተቀራረቡት አንድ ላይ ይቆጠራሉ። የሚመሳሰሉትም እንዲሁ። ፎርም ስንሞላ «ስም» የሚለው ጽሑፍ ከላይና ከታች ባሉት ሳጥኖች መካከል እኩል ቦታ ላይ ከተንጠለጠለ የየትኛው እንደሆነ እንጠራጠራለን። ትንሽ ወደ ሳጥኑ ብናስጠጋው ችግሩ ያልቃል። ጥሩ የእይታ ዲዛይን በአብዛኛው እንዲህ ያለ ሥራ ነው፤ ማስጠጋት፣ ማራቅ፣ ማጉላት፣ ማደብዘዝ። ማስጌጥ በኋላ ይመጣል።

ቀለም ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ያናድደኛልና። ነጭ ላይ የሚጻፍ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ በዲዛይነሩ ትልቅ ሞኒተር ላይ ያምራል። ፀሐይ ላይ በስልክ ግን አይታይም። የድረ-ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ደብልዩሲኤጂ በጽሑፍና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ ኮንትራስት (የድምቀት ልዩነት) ይጠይቃል፤ ለትልልቅ ፊደላት 3 ለ1 ይበቃል። መመሪያው ከ1999 ጀምሮ አለ፣ 2.2 የተባለው እትሙ የወጣው በ2023 ነው። የተደበቀ ሰነድም አይደለም። ዝርያቸው ከሰሜን አውሮፓ ከሆነ ወንዶች ደግሞ 8 በመቶ ያህሉ ቀይና አረንጓዴን አጥርተው አይለዩም። ስህተትን በቀይ፣ ትክክልን በአረንጓዴ ብቻ የሚነግር ፎርም ለእነሱ ምንም አይነግራቸውም። አጠገቡ ቃል ወይም ምልክት መጨመር ምን ይከብዳል?

ውበት ያታልላል?

በ1995 ማሳኪ ኩሮሱና ካኦሪ ካሺሙራ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች 26 የተለያዩ የኤቲኤም ስክሪን አደራደሮችን ለሰዎች አሳዩ። ሰዎቹ ለእያንዳንዱ ሁለት ነጥብ ሰጡ፤ ምን ያህል ያምራል፣ ምን ያህል ለመጠቀም ቀላል ይመስላል። ሁለቱ ነጥቦች ተያያዙ። ያማረው ቀላል መሰላቸው። ኖአም ትራክቲንስኪ የተባለ ተመራማሪ ይህን አላመነም፤ ጃፓኖች ለውበት የተለየ ዓይን ስላላቸው ይሆናል ብሎ ሙከራውን እስራኤል ውስጥ ደገመው። ግንኙነቱ ይባስ ጠንክሮ ወጣ።

ይህ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ውበት ትርፍ ነገር አይደለም፤ ያማረ ነገር ላይ ሰው ትዕግሥት ይኖረዋል። ሁለተኛው ግን ወጥመድ ነው። ለሰው ስክሪን አሳይተው «ይመችሃል?» ቢሉት ስለ ውበቱ ይመልስልዎታል። ስለዚህ ባለሙያዎች አይጠይቁም፣ ያያሉ። ሥራ ይሰጡታል፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ የት እንደተጠራጠረ ይመዘግባሉ። የዩዛቢሊቲ ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እንዳለው 5 ሰው ብቻ ቢፈተን ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉ ይወጣሉ። ቁጥሩ ላይ ክርክር አለ፤ ግን ምንም ሳይፈትኑ ከመልቀቅ 5 ሰው መፈተኑ እንደሚሻል ማንም አይከራከርም። ከፈተናው በኋላ ስሜቱን ለመለካት ጆን ብሩክ በ1986 ያዘጋጀው ኤስዩኤስ የሚባል ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ አለ። አማካዩ ከ100 68 ነው፤ 50 ያገኘ ምርት «ግማሽ ደረስኩ» ብሎ መኩራት የለበትም።

ትልልቅ ኩባንያዎች ደግሞ ሁለት ዓይነት ገጽ ለሁለት ቡድን እየለቀቁ ያወዳድራሉ። ጉግል ለሊንክ 41 ዓይነት ሰማያዊ ሞክሯል። ዲዛይነሩ ዳግላስ ቦውማን በ2009 ሲለቅ ካነሣቸው ምሬቶች አንዱ ይኸው ነበር። እኔ ቦውማን ይገባኛል። መለኪያ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ይነግራል፤ ሁለቱም መጥፎ ከሆኑ ግን አይናገርም።

ፋሽንም አለ። የመጀመሪያዎቹ አይፎኖች የማስታወሻ አፕ ቢጫ ወረቀት፣ የመጽሐፍ አፑ የእንጨት መደርደሪያ ይመስል ነበር። በ2013 የአይፎኑ ሶፍትዌር አይኦኤስ 7 ይህን ሁሉ ጠራርጎ ስክሪኑን ጠፍጣፋ አደረገው። ዓይን አረፈ፣ ግን የትኛው ጽሑፍ እንደሚነካ መለየት ከበደ። ማይክሮሶፍት በ2012 ከዊንዶውስ 8 የስታርት በተንን አወጣው። ስክሪኑ ንጹሕ ሆነ፣ ተጠቃሚው ጠፋበት። በሚቀጥለው ዓመት 8.1 በተኑን መለሰው።

ዋጋው

በነሐሴ ወር 2020 ሲቲባንክ የመዋቢያ ዕቃ አምራቹን የሬቭሎንን ብድር ወለድ፣ 8 ሚሊዮን ዶላር የማይሞላ፣ ለአበዳሪዎች ሊልክ ነበር። የላከው 900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። ዋናው ብድር ከባንኩ እንዳይወጣ ሶፍትዌሩ ላይ ሦስት ሳጥን መሙላት ያስፈልግ ነበር፤ የተሞላው አንዱ ብቻ ነው። ሦስት ሰው አይቶ አጽድቆታል። ሦስቱም ሰነፎች ናቸው ማለት ይቻላል። ወይም ስክሪኑ የሚሆነውን አልነገራቸውም ማለት ይቻላል። 500 ሚሊዮን ያህሉን አበዳሪዎች አንመልስም አሉ፤ ፍርድ ቤት መጀመሪያ ለእነሱ ፈረደ፣ ይግባኙ በ2022 ሻረው።

በ2017 ደግሞ ዩኤስኤስ ጆን ኤስ. ማኬይን የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ በሲንጋፖር አቅራቢያ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭቶ 10 መርከበኞች ሞቱ። ሠራተኞቹ መሪው የተበላሸ መስሏቸው ነበር፤ በእርግጥ መሪው በንክኪ ስክሪን በኩል ወደ ሌላ ጣቢያ ተላልፎ ነበር። መርማሪዎቹ የሥልጠና ጉድለትንም የስክሪኑን አሠራርም ጠቀሱ። ባሕር ኃይሉ በ2019 የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ወደ እጅ ማንሻ እመልሳለሁ አለ።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ስህተቱ ሆን ተብሎ ሲሠራ ነው። ለመመዝገብ አንድ ክሊክ፣ ለመሰረዝ አምስት ገጽ። «አይ» የሚለው ደብዝዞ፣ «እሺ» የሚለው አብርቶ። ዲዛይነሩ ሃሪ ብሪግነል በ2010 «ዳርክ ፓተርን» ያለው ይህን ነው። እዚህ ላይ ዲዛይነሩ ዕውቀት አልጎደለውም፤ ከላይ ያየነውን የዓይንና የእጅ ሕግ ሁሉ ጠንቅቆ ያውቃል፣ የሚሠራበት ግን በተጠቃሚው ላይ ነው። የአሜሪካው የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍቲሲ በ2022 ፎርትናይት የተባለው ጌም ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ተጫዋቾችን በበተን አቀማመጥ ሳያስቡት አስከፍሏል ብሎ 245 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ አስማማው። የአውሮፓ ኅብረትም በዲጂታል አገልግሎቶች ሕጉ እንዲህ ያለውን አሠራር በኦንላይን መድረኮች ላይ ከልክሏል።

መኪና ላይም ነገሩ ወደ ኋላ እየዞረ ነው። አምራቾች ለዓመታት ቁልፉን ሁሉ ወደ ንክኪ ስክሪን ከተቱት፤ ስክሪን ርካሽ ነው፣ ዘመናዊም ይመስላል። ስክሪን ግን በጣት አይዳሰስም፣ ማየት የግድ ነው፣ ዓይኑ ደግሞ መንገዱ ላይ መሆን አለበት። የመኪና ደኅንነት መዛኙ ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ለፍሬቻ፣ ለአደጋ መብራት፣ ለዝናብ መጥረጊያ፣ ለጥሩምባና ለድንገተኛ ጥሪ የተለየ አካላዊ መቆጣጠሪያ የሌለው መኪና ሙሉ ነጥብ እንዳያገኝ ወስኗል።