የሰው አካል ንድፍ ልምምድ በሐረርና በድሬዳዋ

የሰው አካል ንድፍ አንድን ሰው በዓይን እያዩ አቋሙን፣ ምጥጥኑንና ክብደቱ ያረፈበትን ቦታ በእርሳስ ወይም በከሰል ወረቀት ላይ የማስፈር ሥራ ነው። በአገራችን ትምህርቱ በመደበኛነት ከሚሰጥባቸው ተቋማት አንጋፋው፣ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመሥርቶ ዛሬ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ርቆ በምሥራቁ የሚኖር ጀማሪ ግን የሚነድፈውን ሰው ፍለጋ ብዙ አይደክምም።

በሐረር ጀጎል ውስጥ ስሙን ከስፌት መኪኖች ድምፅ ያገኘው መኪና ግርግር ለዚህ እጅግ ተስማሚ ሰፈር ነው። ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ ጨርቁን ሲገፋ፣ ቀና ብሎ ክሩን ሲያስተካክል፣ ተመልሶ ሲጎነበስ፣ አካሉ ደጋግሞ ወደ ቀደመው አቋሙ ስለሚመለስ ነዳፊው ያመለጠውን መስመር በሚቀጥለው ዙር ያገኘዋል። የመጀመሪያዎቹ ንድፎች ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ብቻ ቢወስዱ ይመረጣል፤ በዚህ ጊዜ ከአንገት እስከ መቀመጫ የሚወርደው የጀርባ መስመር ይያዛል እንጂ ጣትና ቁልፍ አይነደፍም።

ረዘም ላለው ንድፍ መለካት ያስፈልጋል። የቆመ አዋቂ ሰው ቁመት በአማካይ የራሱ ርዝመት 7 ተኩል እጥፍ ያህል ሲሆን፣ ዓይን የሚገኘው በራስ ቁመት አጋማሽ ላይ ነው። ጀማሪ ግን ፊትን አስፍቶ ስለሚያስብ ዓይኑን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ራሱን ያገዝፋል፣ እጅና እግርን ያሳንሳል። መድኃኒቱ ክንድን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶና አንድ ዓይን ጨፍኖ በእርሳስ መለካት ነው፤ ክርን በታጠፈ ቁጥር ልኬቱ ይለዋወጣልና። በሐረሪ ቤት ነደባ (ከወለሉ ከፍ ብሎ የተሠራ መቀመጫ) ላይ የተቀመጠን ሰው ከፊት ለፊት የሚነድፍ ሰው ይህ በተለይ ይረዳዋል፤ ወደ ተመልካቹ የመጣ ጭን ከሚታሰበው እጅግ አጥሮ ይታያል፣ እጅም ይህን ማጠር ለማመን ጊዜ ይወስድበታል።

በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ በአንድ እግሩ ተደግፎ የቆመ ሰው ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ክብደት በተሸከመው እግር በኩል ዳሌ ከፍ ይላል፣ ትከሻ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል፣ ከአንገት ሥር ጎድጓዳ ቦታ ቀጥ ብሎ የወረደ መስመርም ወደዚያው እግር ይጠጋል። ሽርጥና ሰፊ ቀሚስ አካሉን ቢሸፍኑትም፣ የጨርቁ እጥፋት ከትከሻ፣ ከዳሌና ከጉልበት ስለሚነሣ ውስጡን ይጠቁማል። የከተማዋ ሙቀት ላብ ያመጣልና ከእጅ በታች ንጹሕ ወረቀት ማንጠፍ ንድፉን ከመጨማለቅ ያድናል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን አስተያየት አቀባበል ነው፣ ብዙ ጀማሪም የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። «ቆንጆ ነው» የሚል ቃል ደስ ቢያሰኝም ምንም አያሳይም፤ «ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ ነው? ወገቡ አልረዘመም?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የሚሠራበት መልስ ያገኛል። ሥዕል ያልተማረ ሰው አስተያየቱ አይናቅም፤ ሸክም የሚሸከም ሰው በንድፉ ላይ ያለው ሰው እንደዚያ ሆኖ መቆም ይችል እንደሆነ ከሠዓሊ ባላነሰ ያውቃል። ማንም በሌለበት ሰዓት ንድፉን በመስታወት ማየት ወይም ገልብጦ ማስቀመጥ የተዛባውን ያጋልጣል። ሠዓሊ ሲያርም ስስ ወረቀት ደርቦ ቢያርም ይሻላል፤ የተማሪው መስመር ሳይጠፋ ልዩነቱ ይታያልና። ከዚያ በኋላ አሮጌው ንድፍ በላጲስ መጥፋት የለበትም፤ ያው አቋም በአዲስ ገጽ ላይ እንደገና ይነደፋል፣ ቀንም ይጻፍበታል።

ከመንደፍ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። መልኩ እንዲነደፍ የማይፈቅድ ሰው ጀርባውን ወይም እጁን ብቻ ሊፈቅድ ይችላል፤ በስፌት መኪና ላይ የሚሠሩ ሁለት እጆችም ለአንድ ሙሉ ከሰዓት ልምምድ ይበቃሉ።