የዋቅላሚ ወረራ ምንድን ነው?

ዋቅላሚ፣ በተለምዶ አልጌ የምንለው፣ ለሐዋሳ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሐይቃችን አረንጓዴ መልክ የሚይዘው እጅግ ደቃቅ ዋቅላሚዎች ሲበራከቱበት ነው። የባሕር ዓሣንና ኮራል የተባለውን የባሕር እንስሳ በመስታወት ገንዳ የሚያኖር ሰውም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል፦ ድንጋዩ አረንጓዴ ፀጉር ያበቅላል፣ ኮራሉም ብርሃን ተከልክሎ ይታፈናል። ወረራ የሚባለው ይህ ነው።

ምክንያቱ ብርሃን ባለበት፣ ዋቅላሚውን እንደ ማዳበሪያ የሚመግቡት ናይትሬትና ፎስፌት መትረፋቸው ነው። ሐይቃችን በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ ስለሌለው፣ በጥቁር ውኃ ወንዝና በጎርፍ ከሚገባው ንጥረ ነገር ብዙው እዚያው ይቀራል፤ ገንዳም እንዲሁ ነው። የዓሣው ኩስና የተረፈው ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ፣ ቀጥሎ ናይትራይት፣ በመጨረሻም ናይትሬት ይሆናል፤ ፎስፌቱ ደግሞ ድንጋዩ ውስጥ ሳይቀር ይሰርጋል። በምርመራ ፎስፌት ዝቅ ብሎ መታየቱም አያስተማምንም፤ ዋቅላሚው ራሱ ቀድሞ ወስዶት ሊሆን ይችላል።

መልኩን መለየት ይጠቅማል። በአዲስ ገንዳ አሸዋ ላይ የሚታየው ቡናማ ዱቄት መሰል ሽፋን ብዙውን ጊዜ ዲያቶም ነው፤ የሚያስፈልገው ሲሊካ (አሸዋና መስታወት ውስጥ ያለው ማዕድን) ሲያልቅ በሳምንታት ውስጥ ይከስማል። ቀይ ልሙጥ ምንጣፍ የሚመስለው ሳያኖባክቴሪያ ግን ከነጭራሹ ዋቅላሚ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። ዳይኖፍላጀሌት የተባለው አተላ መሰል ደግሞ ናይትሬትና ፎስፌት ወደ ዜሮ ሲወርዱ ሊነሣ ስለሚችል፣ ውኃውን ከልክ በላይ ማራቆት ሌላ ጣጣ ያመጣል።

እኔ መድኃኒትን መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ በመድኃኒት የሞተ ዋቅላሚ እዚያው በስብሶ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ንጥረ ነገሩንም ለቀጣዩ ያወርሳል። ይልቅስ በእጅ ነቅሎ ማውጣት፣ ምግብ መቀነስና ከፊሉን ውኃ መቀየር ይቀድማል። በትነት የጎደለው ውኃ የሚተካው ጨው በሌለው፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም በግፊት በስስ ማጣሪያ አልፎ በተጣራ ውኃ ነው፤ የቧንቧም ሆነ የሐይቅ ውኃ ሲሊካና ሌላ ማዕድን ያስገባል፣ የታሸገ የመጠጥ ውኃም ቢሆን ማዕድን አለው። ቀንድ አውጣ ዋቅላሚውን ይግጣል፣ ነገር ግን የበላውን መልሶ ኩስ ያደርገዋል። ስለዚህ ንጥረ ነገሩን በእርግጥ ከገንዳው የሚያወጣው ሌላው መንገድ፣ ኬቶሞርፋ የተባለውን ዋቅላሚ በጎን ባለ ዕቃ በመብራት እያሳደጉ፣ እንደ ከብት ሣር በየጊዜው አጭዶ መጣል ነው።