ሻተር ካውንት ምንድን ነው?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ በቅናሽ የመጀመሪያ ዲኤስኤልአሩን (ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) ለሚፈልግ ሰው በብዛት የሚቀርብለት ስላሽ፣ ማለትም ያገለገለ ዕቃ ነው። ሻጩ «እምብዛም አልተሠራበትም» ይላል። ይህን የሚያጣራው ቁጥር ሻተር ካውንት ይባላል፤ የካሜራው ሻተር ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደተዘጋ ማለት ነው።

ሻተር ከሴንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ፎቶውን ከሚፈጥረው ክፍል) ፊት ያለ የሁለት ስስ መጋረጃዎች ጥንድ ነው። በእያንዳንዱ ፎቶ ስለሚንቀሳቀስ ያልቃል። ኒኮን የዲ3300ን ሻተር ለ100,000፣ የዲ7100ን ለ150,000 ጊዜ ፈትኖታል። ዋስትና ግን አይደለም፤ ቀድሞ የሚሰበር አለ፣ አልፎት የሚሠራም አለ። በአንድ ሰርግ 1,500 ፎቶ ቢነሳ፣ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ 20 ሰርግ የሠራ ካሜራ 30,000 ጨረሰ።

በኒኮን ማወቁ ቀላል ነው። አዲስ ፎቶ በጄፔግ (በተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) አንሱ፣ ምንም ሳታርሙት ወደ ኮምፒውተር ገልብጡና ኤግዚፍቱል በተባለው ነፃ ፕሮግራም አንብቡት። ሻጩ በቴሌግራም የሚልክላችሁ ከሆነ እንደ ፋይል ይላከው፤ እንደ ተራ ፎቶ ከላከው ቁጥሩን የያዘው መረጃ ተራግፎ ይደርሳችኋል። አብዛኛው ካኖን ቁጥሩን ፎቶው ላይ አይጽፍም፤ በኬብል አገናኝቶ የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልጋል። የፎቶውን ስም ቁጥር አትመኑ፦ 9999 ሲሞላ ወደ 0001 ይመለሳል፤ በሜኑም እንደ አዲስ ማስጀመር ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ቪዲዮ ላይ ነው። ቪዲዮ ሲቀረጽ ሻተሩ አንዴ ተከፍቶ ስለሚቆይ፣ ለሰርግ ቪዲዮ ብቻ የኖረ ካሜራ 8,000 ሊያሳይ ይችላል፤ ሴንሰሩ ግን ለብዙ ሰዓት ሲግል ከርሟል። የእጅ መያዣው ጎማ ከላላ፣ የቁልፎቹ ጽሑፍ ከተፋቀ፣ ከቁጥሩ ይልቅ እሱን እመኑ።

ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ደጅ ውጡ። ኤም (ሁሉን በእጅ የምትሞሉበት) ላይ አድርጉና የሻተሩን ፍጥነት 1/4000 ሰከንድ ሞልታችሁ፣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጋችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ። በአንድ ጠርዝ ጥቁር ጥላ ከወጣ መጋረጃዎቹ እኩል አይሄዱም፤ ተዉት፣ በርካሽ ካሜራ ሻተር ማስቀየር ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ሱቅ ውስጥ አትሞክሩት፤ የአምፖሉ ብልጭታ ራሱ ተመሳሳይ መስመር ያሳያል። ቀጥሎ ፍጥነቱን ቀንሳችሁ ያንኑ ሰማይ በኤፍ22 (የሌንሱን ቀዳዳ በጣም አጥብባችሁ) ድገሙት። ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ፤ ስለሚጸዳ ዋጋ መከራከሪያ ብቻ ነው።

በእኛ ግምት ለጀማሪ እስከ 40,000 ምንም አይደለም። 80,000 ያለፈውን ግን ሻጩ በደንብ ካልቀነሰ አትውሰዱ።