«ማማከር» እና «ማሳተፍ» አንድ አይደሉም
በከተማ ውስጥ ጎርፍን የሚመጥ አረንጓዴ ስፍራ ወይም የወንዝ ዳር ደን፣ ማለትም ተፈጥሮን መሠረት ያደረገ መፍትሔ ሲታቀድ፣ «ሕዝቡ ተሳትፏል» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ያደናግራል። ንድፉ ካለቀ በኋላ ነዋሪውን ሰብስቦ አስተያየት መጠየቅ ማማከር እንጂ ውሳኔን መጋራት አይደለም። አሜሪካዊቷ የሕዝብ ፖሊሲ ባለሙያ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባቀረቡት ባለ 8 እርከን የተሳትፎ መሰላል ላይ ማማከር ከታች ሲቆጠር 4ኛው ብቻ ሲሆን፣ ሥልጣንን በእርግጥ መጋራት የሚጀምረው ከ6ኛው ነው።

ፍትሐዊነትም ዛፎችን ለየሰፈሩ እኩል ከማዳረስ ያለፈ ነው፤ አዲስ መናፈሻ የቤት ኪራይን አንሮ፣ ለዓመታት ጎርፍ ሲገባበት የኖረውን ተከራይ ልክ ችግሩ ሲቃለል ከሰፈሩ ሊያስለቅቀው ይችላልና። ስለዚህ ተከራዩ ሊጠየቅ የሚገባው ቦታው ገና በካርታ ላይ ሲመረጥ ነው። ስብሰባ በሥራ ሰዓት ሲጠራ የቀን ሠራተኛው ስለማይገኝ፣ ሰዓቱንም ከነዋሪው ጋር መወሰን የዕቅዱ አካል ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ።