ታዳጊዎች፣ ስልክና ጓደኝነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያለበት ቤት ሁሉ በስልክ ምክንያት ጭቅጭቅ አለ። ወላጆች የሚሉት ነገር ከስጋት የመጣ ነው፤ ይገባኛል። ብዙው ግን ልክ አይደለም።

“የሚያወሩት ከማያውቁት ሰው ጋር ነው”

በአብዛኛው ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ነው። ቀን አንድ ዴስክ ላይ የዋሉ ልጆች ማታ ቴሌግራም ላይ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። በተለይ ሴቶቹን አስቡ። ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ቤት፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ሥራ፤ ከመሸ መውጣት የለም። የጅማ ክረምት ደግሞ ወንዱንም ቤት ያውለዋል። ጓደኛ የሚያገኙት በዚያች የማታ ቻት ነው።

የማያውቁት ሰውም አይጠፋም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳወጣው፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት ካሉ የአገሩ ታዳጊዎች 57 በመቶው ኢንተርኔት ላይ አዲስ ጓደኛ አፍርተዋል። በአካል ያገኙት ግን 20 በመቶው ብቻ ናቸው። ፎቶ ላኪ፣ ለማንም አትንገሪ የሚል ሰው ሲመጣ አደጋው እውነት ነው። ልጅቷ ይህን ለእናቷ የምትናገረው “ስልኬን ይቀሙኛል” ብላ ካልፈራች ነው። ለዚህ ነው መቀማት መፍትሔ የማይመስለኝ።

“የስልክ ጓደኝነት የውሸት ነው”

ቴሌግራም ላይ ሁለት ምልክት ከታየ መልእክቱ ተነቧል ማለት ነው። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ሁለቱን ምልክት እያየች መልስ ትጠብቃለች። ደግማ ትጽፋለች። ትንሽ ቆይቶ የጓደኛዋ ፕሮፋይል ፎቶ ይጠፋል፤ ብሎክ ተደርጋለች። እራቷን ትታ ስታለቅስ “ለስልክ ብለሽ?” እንላታለን። ነገ ጠዋት ግን ያችው ጓደኛዋ እዚያው ክፍል ውስጥ አለች። የከፋት በእሷ ነው።

“ማንነታቸውን እያጡ ነው”

የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን ጉርምስናን “እኔ ማን ነኝ?” የሚባልበት ዕድሜ አድርጎ አስቀምጦታል። የጅማ ልጅ ለአያቱ በኦሮምኛ ቮይስ ይልካል፤ ለጓደኞቹ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋል፤ ቲክቶክ ላይ ይጨፍራል። ሦስቱም እሱ ነው። እኛስ ለቅሶ ቤት የምንናገረውን ከእኩዮቻችን ጋር ቡና ላይ እንደግመዋለን?

“ጭንቀታቸው ሁሉ ከስልክ ነው”

እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎቹ ኤሚ ኦርበንና አንድሪው ፕርዚቢልስኪ ከ355 ሺህ በላይ የአሜሪካና የብሪታንያ ታዳጊዎችን መረጃ አጥንተዋል። በልጆቹ መካከል በአእምሮ ደህንነት ከታየው ልዩነት ዲጂታል ቴክኖሎጂ የሚያብራራው ቢበዛ 0.4 በመቶውን ነው። ይህ አማካይ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳ ስልክ ይጎዳል። ሌሊት ስልክ ሳሎን ይደር፤ የአባትና የእናትም ጭምር።